ከወደቁ በኋላ የቆመችው ቢጫ ሰሌዳ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለእትዬ ሴራፊና፤

ከባሕር ማዶ ሆኜ እጅ እየነሳሁ፣ እንደምን ከርመሻል እላለሁ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የማይለቅሽ የወገብ ሕመም ተሻለሽ ወይ? እማማስ እንዴት ናት? የዓይን ጠብታውን ከጀመረች ወዲህ ለውጥ አለው? ጋሼ ዶናቱስ ጀልባውን አስጠግኖ ወደ ባሕሩ ተመለሰ ወይስ አሁንም አናጢውን እየተማጠነ ነው? ልጆቹስ? ማርሴላ ፈተናዋን አለፈች? በቆሎው ተዘራ ወይስ ዘንድሮም ዝናቡ አሾፈባችሁ?

እኔ አካሌ ደህና ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በልቼ አድራለሁ፣ ጣራም አለኝ። የቀረው ነገር ግን በ«ደህና ነኝ» የሚታለፍ አይደለም። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ፣ እማማ አጠገብሽ ሆና ስትስቅ ስሰማ ዋጥኩት። በዚህ ዓመት ወደ አገር አልመጣም እትዬ። መምጣት አልፈልግም ማለቴ አይደለም፤ አልችልም። ለምን እንደሆነ ከሥር ከመሠረቱ ልንገርሽ፤ ሌሎች አጣመው ከሚነግሩሽ ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል።

የምሠራበትን የገበያ ሕንፃ ፎቶውን ልኬልሽ ታውቂዋለሽ። ስድስት ዓመት ሙሉ የታችኛውን ወለል ስወለውል ነው የኖርኩት። ሥራዬ ቀላል ነው። ውሃ ካየሁ፣ የሚንሸራተት ሰው የተሳለባትን፣ «ወለሉ ርጥብ ነው» የምትለውን ቢጫ ሰሌዳ አቆማለሁ፤ እወለውላለሁ፤ ሲደርቅ አነሳታለሁ። በቃ ይኸው ነው።

በጁላይ ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት አዲስ የወርቅ ሱቅ ሊመረቅ ነበር። ሥራ አስኪያጃችን ሚስተር ቴኦ ትልልቅ እንግዶችና ፎቶ አንሺዎች ስለጠራ፣ «ዛሬ በፎቶዬ ውስጥ አንድም ቢጫ ነገር እንዳላይ» ብሎ አዘዘ። ሰሌዳዎቹም፣ ኮን የምንላቸው ሾጣጣ የማስጠንቀቂያ ምልክቶችም ዕቃ ቤት ገብተው ተቆለፈባቸው። ቁልፉን የያዘችው አለቃችን ሴልቪ ናት። ሴልቪ አሥራ ስምንት ዓመት እዚያ ሠርታለች፤ አፏ ምላጭ ነው፣ ልቧ ግን ክፉ አይደለም። ባሏ ኩላሊቱን ታሞ ከተኛ ቆይቷል።

ሌሊቱን ዝናቡ ሲወርድ አድሮ ነበርና በሊፍቱ አጠገብ ከጣራው ውሃ ይንጠባጠብ ጀመር። ወደ ሴልቪ ሄጄ ሰሌዳዋን ስጪኝ አልኳት። «ሚስትህ ናት እንዴ ያለሷ አንድ እርምጃ የማትራመደው? ቶሎ ወልውልና ከዓይን ጥፋ፤ እንግዶቹ እየገቡ ነው» አለችኝ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሄጄ ወለወልኩ፤ መወልወያዬ ግን ውሃ ጠጥቶ ከማድረቅ ይልቅ መቀባት ጀመረ። ደረቁን ላመጣ ሄድኩ። ሄጄ እስክመለስ ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ያችን ሦስት ደቂቃ ማንም አላዘዘኝም እትዬ። ባልዲዬን መሐል ላይ ትቼው መሄድ እችል ነበር። የሚያልፍ ሰው ጠርቼ «እዚህ ቁምልኝ» ማለት እችል ነበር። አላደረግሁም።

ስመለስ ጩኸት አልሰማሁም። መጀመሪያ ያየሁት ጃንጥላና የተጠቀለለ ጋዜጣ ወለሉ ላይ ሲንሸራተቱ ነው፤ ከዚያ እሳቸውን አየሁ። ሮሃያ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋዜጣቸውን ሊገዙ ይመጣሉ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ካኒሲዩስ የሚለውን ስሜን ሳይቆርጡና ሳያጣምሙ የሚጠሩኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። በጎናቸው ተጋድመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ያቃስታሉ። ተንበርክኬ እጃቸውን ያዝኩ። ሴልቪ እየሮጠች መጣች። በእጇ ሰሌዳዋን ይዛለች። «አቁማት» አለችኝ በሹክሹክታ። «አሁን?» አልኳት። «አሁን። ዝም ብለህ አቁማት» አለችኝ። የመምህርቷን እጅ ለቅቄ ተነሳሁና ሰሌዳዋን በራስጌያቸው በኩል አቆምኳት። ሴልቪ በስልኳ ፎቶ አነሳች። በላያችን ያለውን ካሜራ የምረቃው ጨርቅ ጋርዶት ስለነበር ከዚያ ፎቶ በቀር ሌላ ምስክር የለም።

ከሦስት ቀን በኋላ ወደ ሚስተር ቴኦ ቢሮ ተጠራሁ። የኢንሹራንሱ ሰው ተቀምጧል፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ወንበር ሳበልኝ። ወረቀቱ ከመወልወሌ በፊት በገዛ እጄ ሰሌዳ አቁሜ እንደነበር ይናገራል። አነበብኩት። ፓስፖርቴ በሚስተር ቴኦ መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ታውቂያለሽ፤ የሥራ ፈቃዴ የሚታደስበትም ወር ነበር። ሚስተር ቴኦ አልተቆጣኝም፤ አላስፈራራኝም። «ያንተም የፈቃድ ወረቀት እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ሁለቱ ወረቀቶች አብረው ቢያልቁ ለሁላችንም ጥሩ ነው» ብቻ አለኝ። ፈረምኩ። ለአፍታ እንኳ አላመነታሁም፤ ኋላ ሳስበው የሚያስደነግጠኝ እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሕንፃው ሁሉ ቢጫ ሆነ። አንድ አሠልጣኝ አምጥተው ግማሽ ቀን አስተማሩን፤ ሰሌዳ ከየት በኩል እንደሚታይ፣ ኮን በስንት እርምጃ እንደሚቆም፣ በየሰዓቱ በመዝገብ ላይ እንዴት እንደሚፈረም። ስንወጣ ሴልቪ ጆሮዬ አጠገብ ሆና፣ «ገባህ? ይሄ ሰው እንዳይወድቅ አይደለም፤ ሰው ሲወድቅ እኛ እንዳንወድቅ ነው» አለችኝ። እኔ የኮን ሰው ተደረግሁ። ወለሉ ደርቆ እንደ ሳህን ሲያብለጨልጭም ኮኖቹ አይነሱም። ልጆች ይረግጧቸዋል፤ አንዷ ሴትዮ ስልክ ስታወራ ቦርሳዋን አንጠለጠለችበት። ሁልጊዜ የቆመን ነገር ማን ያየዋል? እኔ ግን በየሰዓቱ እዚያው ሊፍት አጠገብ ሄጄ «ሰሌዳው ቆሟል» ብዬ እፈርማለሁ። በቀን አሥር ጊዜ። ፊርማዬን ባየሁ ቁጥር ያ የመጀመሪያው ትዝ ይለኛል።

በኦገስት ሴልቪና እኔ ከድርጅቱ የተላከ የፍራፍሬ ቅርጫት ይዘን ሆስፒታል ሄድን። የመምህርቷ የዳሌ አጥንት ተሰብሮ በብረት ተጠግኗል። ልጃቸው ኖርሊን አጠገባቸው ነበረች፤ የደከማት፣ ጥሩ ሴት። መምህርቷ እንዳዩኝ «ካኒሲዩስ፣ መጣህ» አሉና ቀጠሉ፤ «እስቲ አንተ ንገረኝ ልጄ፤ ያ ቢጫ ነገር እዚያ ነበረ? እኔ አላየሁትም።» ኖርሊን ጣልቃ ገብታ «እማዬ፣ በፎቶው አሳይተውናል እኮ። ነበረ። አላየሽውም፤ ምን ይደረግ፣ ዓይንሽ ደክሟል» አለቻቸው። እሳቸው እኔን ነው የሚያዩት። «አርባ ዓመት ሙሉ ልጅ ሲዋሸኝ ከጀርባዬ ሆኖ እንኳ አውቅ ነበር። አሁን የገዛ ዓይኔ እየዋሸኝ ነው ይሉኛል» አሉ። ሴልቪ ክርኔን ጨበጠችኝ። እኔ «ይማርዎት» አልኩ። ከዚያ ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም።

ማታ አብሮኝ የሚያድረው፣ ከሎምቦክ ደሴት ለሥራ የመጣው ሳህዳን ፊቴን አይቶ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ስነግረው፣ «ነቢይ ልትሆን አማረህ? ነቢይ ፓስፖርት አያስፈልገውም፤ አንተን ያስፈልግሃል። አፍህን ይዘህ ሩዝህን ብላ» አለኝ። በላሁ። እውነቱን ነው። ሁላችንም እዚህ የመጣነው አፋችንን ይዘን ነው።

ይዤው እኖር ነበር እትዬ፤ አልዋሽሽም። ከአንድ ወር በኋላ ግን ኖርሊን ወደ ሕንፃው መጣች። ኮኔን ይዤ ከቢሮው በር አጠገብ ቆሜ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። የመጣችው ልትካሰስ አይደለም፤ ያ ፎቶ እንዲሰጣት ልትለምን ነው። እናቷ ከሆስፒታል ወጥተው እሷ ዘንድ ናቸው፤ ወደ ቤቴ መልሺኝ እያሉ ዕረፍት ነስተዋታል። ቤታቸውን ልታከራየው ተዋውላለች፤ ቁልፉንም ወስዳባቸዋለች። «አታምነኝም። ሰሌዳው አልነበረም፣ እኔ ጤነኛ ነኝ እያለች ትሟገተኛለች። ፎቶውን በትልቁ አሳትሜ ግድግዳዋ ላይ ብለጥፍላት ምናልባት ትቀበለዋለች» አለች። ሚስተር ቴኦ በደስታ ሰጣት።

በዚያን ጊዜ እጄ ላይ ያለው ኮን ከበደኝ። እኔ ያቆምኳት ሰሌዳ አንዲትን አዋቂ ሴት ከገዛ ቤታቸው አስወጥታ፣ የገዛ ልጃቸውን ጠባቂ አድርጋ ልትቆልፍባቸው ነው። ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር፤ ሀብታም ከሀብታም ይካሰስ እል ነበር። ይህ ግን ሌላ ነው። ኮኑን አስቀመጥኩና ተከተልኳት። መኪና ማቆሚያው ዘንድ ስደርስባት ፎቶውን ፖስታ ውስጥ እየከተተች ነበር። «እመቤቴ፣ አልነበረም። እናትዎ ልክ ናቸው። እሳቸው ከወደቁ በኋላ ያቆምኳት እኔ ነኝ» አልኳት።

መጀመሪያ የሰማች አልመሰለችም። ከዚያ ፊቷ አመድ ሆነ። «እና ሁለት ወር ሙሉ እናቴን አሮጊት፣ ዕውር፣ የዞረባት እያልኩ ስሰድባት፣ አንተ እያወቅህ ዝም አልክ? ሆስፒታል ድረስ መጥተህ፣ ብርቱካን ይዘህ?» አለችኝ። አዎ አልኩ። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልመታችኝም። የመኪናዋን በር ከፈተችና «ግባ። ይህንን ለኔ ሳይሆን ለሷ ነው የምትነግራት» አለችኝ። በሥራ ልብሴ እንዳለሁ ገባሁ።

መምህርቷ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ነበር። የሸሚዜን ጫፍ ይዤ፣ እንደ ተማሪ ቆሜ ነገርኳቸው። «ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። «ቅደም ተከተሉን ጠብቀህ፤ መጀመሪያ ምን ሆነ?» አሉኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ከመወልወያው ጀምሬ እስከ ፊርማው ነገርኳቸው። ኖርሊን በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። እሳቸው አላለቀሱም። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና፣ ለብዙ ጊዜ ታንቆ የተለቀቀ ሰው መሰሉ። ወደ ልጃቸው ዞረው «ቁልፌን» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሱ። እርግማን ጠብቄ ነበር። «እሺ፤ አንተን አሁን ምን ይውጥሃል?» አሉኝ። እኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይህንን አላሰብኩትም ነበር እትዬ።

የዋጠኝን ደግሞ ስሚ። በማግስቱ ከሥራ ተባረርኩ። ኖርሊን ጠበቃ ይዛ ድርጅቱን በእናቷ ስም ከሰሰች፤ ጠበቃዋም በደብዳቤ ብዛት ፓስፖርቴን ከመሳቢያው አስወጣችልኝ። ፓስፖርቱ ግን የተሰረዘ ፈቃድ የያዘ ነው። ድርጅቱ አንድ ጊዜ ነበረ ብሎ የፈረመ፣ ሌላ ጊዜ አልነበረም የሚል ውሸታም ነው ይለኛል፤ ርጥቡን ወለል ጥሎ የሄደውም እሱ ነው ይላል። ሁለቱም እውነት ነው። ጠበቃዋ ፊት ለፊት ነገረችኝ፤ ፍርድ ቤት ቆመህ የምትጠየቀው በየትኛው ጊዜ እንደዋሸህ ነው አለችኝ። ችሎቱ ለኦክቶበር ተቀጥሮ ነበር፤ ወደ ፌብሩዋሪ ተላለፈ። እንደገና አይተላለፍም የሚል ሰው የለም። እስከዚያ በየወሩ የሚታደስ የመቆያ ወረቀት ሰጥተውኛል፤ መሥራት አይፈቅድም። ከአገር ከወጣሁ ደግሞ ተመልሶ የሚያስገባኝ የለም፤ ምስክር ከሌለ ፎቶው ያሸንፋል። ስለዚህ አልሠራም፣ አልሄድም፣ ተቀምጫለሁ።

የምኖረው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጀርባ ባለች ክፍል ነው። ቄሱ ያበሉኛል፤ ውለታቸውን የምከፍልበት ሥራ እንኳ ሕጉ ከልክሎኛል። መምህርቷን ልጠይቃቸው እንዳልሄድ ጠበቃዋ አስጠንቅቃኛለች፤ ከሳሽና ምስክር ሲጠያየቁ ከታዩ ተመሳጥረዋል ይባላል። በዚህ ከተማ ማንንም ልጠይቅ ብል የምጠይቃቸው እሳቸውን ነበር።

ሴልቪን አንድ ቀን ከአውቶቡስ ስትወርድ አገኘኋት። ፊቷን አላዞረችም። «ሰሌዳዎቹን አልቆለፍኩም ብዬ እመሰክራለሁ። ካላልኩ ባሌን በምን አሳክመዋለሁ? እወቀው ብዬ ነው» አለችኝ። እሺ አልኳት። ምን ልበላት? እኔ የፈረምኩት ለአንዲት የፈቃድ ወረቀት ነው፤ እሷ የምትዋሸው ለሰው ነፍስ ነው። የያዘችውን ምሳ ለሁለት ከፍላ ግማሹን ሰጠችኝ፤ ቆመን በላን፤ ከዚያ በየፊናችን ሄድን። በችሎቱ ቀን ፊት ለፊት እንቆማለን።

ባለፈው ሳምንት በመምህርቷ መንደር በኩል አለፍኩ። አልገባሁም፤ ከመንገዱ ማዶ ብቻ ነው ያየሁት። በብረት መደገፊያ ተደግፈው፣ በአንድ እጃቸው የደጃፋቸውን ቅጠል ይጠርጋሉ። ቤታቸው ገብተዋል። አንድ እርምጃ ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ይጠርጋሉ። ድምፄን ባሰማ ያውቁኝ ነበር። ጥግ ይዤ አለፍኩ።

አሁን የአባባን መቃብር ነገር ልንገርሽ። ከገና በፊት ያለው የአድቬንት ጾም ሳይገባ መቃብሩ ላይ መስቀሉን እናቆማለን፣ የመጀመሪያውን ድንጋይ የማስቀምጠው ወንድ ልጁ እኔ ነኝ ብለን ነበር። እኔን አትጠብቁ። ዝናቡ ከበረታ አፈሩ ይሰምጣል። ድንጋዩን አጎቴ ዊሊብሮዱስ ያስቀምጥ። ዘመድ «ልጁ የት ሄደ?» ካለ፣ ገንዘብ አልጠግብ ብሎ ቀረ አትበይ። አልታሰረም፤ ግን የታሰረ ያህል ነው በይ። እኔ በዚያን ቀን፣ በዚያች ሰዓት፣ እዚህ ያለው መቅደስ ውስጥ እንበረከካለሁ።

ጋሼ ዶናቱስን በጣም አድርገሽ ሰላም በይልኝ፤ ባሕሩ ይታዘዘው። ማርሴላን ሳሚልኝ፤ ፈተናዋን ብታልፍም ባታልፍም ያው ማርሴላ ናት በያት። ትንሹ ኦጊስ ጥርሱ ከወለቀ በኋላ የተነሳውን ፎቶ ላኩልኝ። አጎቴ ዊሊብሮዱስን ጉልበታቸውን ስመሽ አደራውን ንገሪልኝ። ለጎረቤታችን ለእማማ አፖሎንያም ሰላምታዬ ይድረሳቸው። አንቺ ደግሞ ሸክም አታብዢ፤ ወገብሽን አስቢ።

እማማን በተመለከተ፣ ይህን ደብዳቤ ስጀምር የላይኛውን ብቻ አንብቢላት ልልሽ ነበር። ሙሉውን አንብቢላት። ዋሸ ወይ ብላ ከጠየቀችሽ፣ አዎ፣ አንድ ጊዜ በወረቀት፣ አንድ ጊዜ በዝምታ በያት። አሁንስ ካለችሽ፣ አሁን አልዋሸም፣ ግን መውጫ የለውም በያት። መቼ ይመጣል ካለችሽ ግን ቀን አትስጫት።

ታናሽ ወንድምሽ
ካኒሲዩስ
ጆርጅ ታውን፣ ፔናንግ
ኖቬምበር 9 ቀን 2018